ፈረሱ አልሄድም ብሎ ሲተከል

ኮርቻ ላይ ወጥታችሁ ፈረሱ አልንቀሳቀስም ካለ አለንጋ አታንሱ። በተረከዝ መደብደቡም ይበልጥ ያደነድነዋል። አንዱን ዛብ ብቻ፣ ቀኙን ወይም ግራውን፣ ቀስ አድርጋችሁ ወደ ጉልበታችሁ ሳቡ፤ ሌላውን ላላ አድርጉት። አንገቱ ሲዞር ክብደቱ ወደ አንድ ጎን ያጋድልና ሳይወድ በግዱ አንድ እግር ያነሳል። ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው፦ ሰኮናው ከመሬት እንደተነሳ ዛቡን ወዲያው ልቀቁት፣ አንገቱን ዳበስ ዳበስ አድርጉት። ፈረስ የሚማረው ስትጫኑት ሳይሆን መጫኑን ስታቆሙለት ነው፤ ከዘገያችሁ ለምን እንደተለቀቀ አይገባውም። ሁለት ሦስቴ ወዲያና ወዲህ ካዞራችሁት በኋላ አንገቱን ቀና አድርጋችሁ በእግራችሁ ብቻ ነካ አድርጉት፣ ይራመዳል።

እዚህ ጎንደር ለጥር 11 ጥምቀት ፈረስ የምታዘጋጁ፣ እባካችሁ ልምምዱን ሕዝቡ ሳይወጣ ከአሁኑ ጀምሩት።

ግን መጀመሪያ ኮርቻውን አውርዳችሁ ጀርባውን በመዳፋችሁ ዳብሱት። ቆዳው ከተንቀጠቀጠ ወይም ቁስል ካገኛችሁ እምቢ ያለው አሞት ነውና አትጫኑት። ገደል አፋፍ ላይም፣ በኋላ እግሩ መቆም ለለመደ ፈረስም ይህን አትሞክሩ።