ማይነር ሊግ ቤዝቦል ልታዩ ስትሄዱ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው ቤቴ ተነስቼ ቦዊ የሚገኘው ፕሪንስ ጆርጅስ ስታዲየም ለመድረስ፣ መንገዱ ካልተጨናነቀ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይበቃኛል። ሰመር በገባ ቁጥር እመላለስበታለሁ። እዚያ የሚጫወተው ቡድን እስከ 2024 ድረስ ቦዊ ቤይሶክስ ይባል ነበር። ከ2025 ወዲህ ቼሳፒክ ቤይሶክስ ሆኗል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በትልቁ ሊግ የሚጫወተው የባልቲሞር ኦሪዮልስ ወጣቶች የሚያድጉበት ቡድን ነው።

ብዙ ሰው ይዤ ሄጃለሁ። ጓደኞቼን፣ የእህቴን ልጆች፣ ከአገር ቤት የመጡ እንግዶችን። አንዳንዱ በመጀመሪያው ቀን ፍቅር ይይዘዋል። አንዳንዱ ደግሞ ሦስተኛው ኢኒንግ ላይ (ኢኒንግ ሁለቱ ቡድኖች ተራ በተራ የሚመቱበት ዙር ነው፤ ጨዋታው ዘጠኝ አለው) «መቼ ነው የሚያልቀው?» ይለኛል። ስመለከተው ችግሩ ጨዋታው ላይ አይደለም። ምን ሊያይ እንደመጣ ማንም ስላልነገረው ነው። እኔም ሳላውቅ የሠራኋቸው ስህተቶች አሉ፤ እናንተ እንዳትደግሟቸው አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

«ማይነር» ሲባል የሰፈር ጨዋታ አይምሰላችሁ

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ብዙ ሐበሻ ማይነር ሊግ ሲባል ያልተሳካላቸው ሰዎች የሚሰበሰቡበት ይመስለዋል። አሠራሩ እንዲህ ነው። ከ2021 ጀምሮ 30ዎቹ ትልልቅ ቡድኖች እያንዳንዳቸው ከሥራቸው አራት አራት ቡድን አላቸው። በድምሩ 120 ይሆናሉ። ከታች ወደ ላይ ሲንግል ኤ፣ ሃይ ኤ፣ ደብል ኤ፣ ትሪፕል ኤ እየተባለ ይወጣል። ቤይሶክስ ደብል ኤ ነው።

እንደ እግር ኳሱ ሁለተኛ ዲቪዚዮን አድርጋችሁ እንዳታስቡት። እዚህ ቡድኑ ዋንጫ ቢበላም ወደ ላይ አይወጣም። የሚወጣው ልጁ ነው። ዛሬ ማታ ከፊታችሁ የሚሮጠው ልጅ በሚቀጥለው ወር ቴሌቪዥን ላይ ሊሆን ይችላል። ማኒ ማቻዶ ነሐሴ 2012 ላይ ገና የ20 ዓመት ልጅ ሳለ፣ ትሪፕል ኤን ሳይረግጥ ከቦዊ በቀጥታ ባልቲሞር ገባ። ጋነር ሄንደርሰን የ2022 ሰመርን የጀመረው ቦዊ ነው። በዚያው ዓመት ኦገስት 31 ለኦሪዮልስ ተሰለፈ፣ በ2023 ደግሞ የአሜሪካን ሊግ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ።

ደረጃው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለሚጠራጠር ሰው ማይክል ጆርዳንን እጠራለታለሁ። ጆርዳን በ1994 ቅርጫት ኳሱን ትቶ በበርሚንግሃም ባረንስ ደብል ኤ ተጫወተ። የመምታት ውጤቱ 0.202 ነበር። በቀላሉ ከአምስት ሙከራ አንዱ ብቻ ተሳካለት ማለት ነው። 114 ጊዜ ሳይመታ ወጥቷል። ያ ሁሉ ጉልበትና ችሎታ ያለው ሰው እዚህ ደረጃ ላይ ተቸግሯል።

ውጤቱን ብቻ አትከተሉ

እግር ኳስ እያየን ስላደግን ዓይናችን ወዲያው ውጤት ሰሌዳው ላይ ይሄዳል። አንድ ጓደኛዬ አንድ ቀን በጣም ተናደደ። ፒቸሩ፣ ማለትም ኳሱን የሚወረውረው ልጅ፣ አምስት ኢኒንግ ሙሉ ማንም ሳይደፍረው ቆየ። ድንገት አሰልጣኙ ወጣና አስወጣው። ጓደኛዬ «እያሸነፈ? ምን ነካው ሰውዬውን?» አለ።

ምንም አልነካውም። የዚያ ልጅ ክንድ የሚፈለገው ለዛሬ ማታ ድል አይደለም፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ላለው ትልቅ ሜዳ ነው። በአንድ ቀን ስንት ኳስ እንደሚወረውር አስቀድሞ ተወስኗል። ቁጥሩ ሲሞላ ይወጣል። አንዳንዴም አዲስ አወራወር እንዲለማመድ ታዝዞ ይገባል፤ ቢመታበትም ይቀጥላል።

ስለዚህ የእኔ ዘዴ ይህ ነው። አንድ ልጅ ምረጡ። ማታውን ሙሉ እሱን ብቻ ተከተሉት። መጀመሪያ ሳይመታ ሲወጣ ፊቱን እዩ። ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ አቋሙን ለውጦ እንደሆነ ተመልከቱ። ሦስተኛው ላይ ያንኑ ኳስ ሲያገኘውና ሜዳው ጥግ ድረስ ሲልከው እናንተም ከመቀመጫችሁ ትነሳላችሁ። ቡድኑ 9 ለ 2 እየተሸነፈ እንኳ ያ ደስታ አይቀንስም።

በሐበሻ ሰዓት አትድረሱ

በሥራ ቀን ጨዋታው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ማታ 1 ሰዓት አካባቢ ነው። በሩ የሚከፈተው አንድ ሰዓት ገደማ ቀደም ብሎ ነው። ያቺ አንድ ሰዓት ውድ ናት። ተጫዋቾቹ ሲያሟሙቁ በቅርብ ታያላችሁ፤ ልጆቻችሁ ከሜዳው ዳር ቆመው ኳስ ላይ ያስፈርማሉ። ኮፍያ ወይም አሻንጉሊት የሚሰጥበት ቀን ከሆነ ደግሞ የሚሰጠው ቀድሞ ለመጣ ብቻ ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። ድሮ አንድ ጨዋታ ከሦስት ሰዓት በላይ ይፈጅ ነበር። በ2022 በማይነር ሊጉ ሁሉ ፒቸሩን የሚያጣድፍ ሰዓት ተደረገ። ትልቁ ሊግም በ2023 ወሰደው። አሁን ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ ይፈጃል። አንድ ሰዓት ካረፈዳችሁ ከሲሶው በላይ አለፋችሁ ማለት ነው።

ስልክ ላይ አታፍጥጡ

ይህን በቁም ነገር ያዙልኝ። በትንሽ ስታዲየም መቀመጫው ለሜዳው ቅርብ ነው፤ ደስ የሚለውም እሱ ነው። ግን ተመትቶ ከመስመር ውጭ የሚወጣው ኳስ በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ሊፈጥን ይችላል። መረቡ በቀጥታ የሚመጣውን ያቆማል። ከላይ አልፎ የሚወርደውን አያቆምም።

አንድ እሑድ የእህቴ ልጅ ከጎኔ ተቀምጦ ጌም ይጫወት ነበር። ኳሱ ሁለት ወንበር አልፎ ባዶ መቀመጫ ላይ አረፈ። ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ መቺው ሲቆም ስልክ ኪስ ይገባል። ሕፃን ከያዛችሁ በደንብ ከመረቡ ኋላ ያለውን መቀመጫ ግዙ። ተፍ ተፍ የሚል ልጅ ካላችሁ ደግሞ ጓንት ግዙለት፤ ኳስ እጠብቃለሁ እያለ ጨዋታውን ይከታተላል።

ዝናብ መጣ ብላችሁ ትኬቱን አትጣሉ

ሰመር ላይ ሜሪላንድ ነጎድጓድ አያጣም። አብዛኞቹ ቡድኖች በዝናብ ምክንያት ጨዋታ ሲሰረዝ ገንዘብ አይመልሱም፤ ትኬቱን በሌላ ቀን ጨዋታ ይቀይሩላችኋል። ወሳኙ ቁጥር 5 ነው። አምስት ኢኒንግ ካለቀ፣ ወይም ባለሜዳው እየመራ አራት ተኩል ከሆነ፣ ጨዋታው እንደተጠናቀቀ ይቆጠራል። ያኔ የሚቀየር ነገር የለም። እኔ ይህን ሳላውቅ ስድስተኛው ላይ ዝናብ ወርዶ ትኬት መሸጫው ጋ ግማሽ ሰዓት ተሰልፌያለሁ።

ጥሩው ዜና ያልተጫወቱት ጨዋታ በማግሥቱ ከሌላው ጋር ተደርቦ ሊመጣ መቻሉ ነው። ሁለቱም ሰባት ሰባት ኢኒንግ ይሆናሉ። ብዙ ጊዜ ሁለቱንም በአንድ ትኬት ታያላችሁ።

ረቡዕና ዓርብ ምን ልትበሉ ነው?

ጾመኛ ከሆናችሁ አስቡበት። ምግብ ከቤት ማስገባት አብዛኛውን ጊዜ ክልክል ነው፤ የቡድኑን ደንብ አስቀድማችሁ ዌብሳይቱ ላይ እዩ። ሆት ዶግና ናቾስ አይሆኑም። ፈንድሻው ቅቤ፣ ድንች ጥብሱም ዶሮ የተጠበሰበት ዘይት ሊኖረው ስለሚችል ጠይቁ። ኦቾሎኒ ግን አያሳማም። ሱፍም ካገኛችሁ ግዙ፤ ተጫዋቾቹ ራሳቸው ማታውን ሙሉ ሱፍ ሲፈለፍሉ ነው የሚያመሹት።

ልጆቹን አትስደቡ

ትልቅ ስታዲየም ውስጥ ስድብ በጫጫታ ይዋጣል። እዚህ አይዋጥም። አንድ ሰው የተናገረው ሁሉ ሜዳ ድረስ ይሰማል። አንድ ማታ ከኋላዬ የነበረ ሰው ኳስ ያመለጠውን ልጅ «ወደ አገርህ ተመለስ» ብሎ ጮኸበት። ልጁ ዞር ብሎ አየ። ከዚያ ጓንቱን እያስተካከለ ወደ ቦታው ተመለሰ። እኔ ግን ያንን ማታ መልሼ አልተረጋጋሁም።

ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ከዶሚኒካን ሪፐብሊክና ከቬንዙዌላ የመጡ ናቸው። አሥራዎቹ ውስጥ እያሉ ከእናታቸው ተለይተው፣ እንግሊዝኛ እየተማሩ፣ ለቤተሰብ እየላኩ ነው የሚጫወቱት። ይህን ሕይወት ከእኛ በላይ ማን ያውቀዋል? በሚሊዮን የሚከፈላቸው የሚመስለው ሰውም አለ። በደብል ኤ ዝቅተኛው የዓመት ደመወዝ 13,800 ዶላር ነበር። በማኅበር ተደራጅተው በ2023 የመጀመሪያውን የጋራ ስምምነት ሲፈርሙ ነው 30,250 የደረሰው። በዚህ አካባቢ የቤት ኪራይ ስንት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ሲሳሳቱ ዝም በሉ። ሲሳካላቸው ስማቸውን ጠርታችሁ አጨብጭቡ። ዞር ብለው ፈገግ ይሏችኋል፤ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ሳያልቅ አትውጡ

ትራፊክ ለማምለጥ ብላችሁ ሰባተኛው ላይ የምትወጡ ብዙ ናችሁ። እዚሁ ሜሪላንድ ያለችው ፍሬድሪክ ከተማ ከሄዳችሁ ሰባተኛው ኢኒንግ ነው ዋናው። የከተማዋ ቡድን «ኪስ» (Keys) የተባለው የአሜሪካን ብሔራዊ መዝሙር ግጥም በጻፈው በፍራንሲስ ስኮት ኪ ስም ነው። መቃብሩም ስታዲየሙ አጠገብ ባለው በማውንት ኦሊቬት መካነ መቃብር ውስጥ ነው። የቤተሰቡ ስም በእንግሊዝኛ ቁልፍ ማለት ስለሆነ ሰባተኛው ላይ ሕዝቡ የመኪና ቁልፉን አውጥቶ ያንቃጭላል። አሮጊት፣ ሕፃን፣ ሁሉም። ስትሰሙት ሰውነታችሁን ይወርራችኋል።

መቆየት ምን እንደሆነ ያሳዩት ግን በ1981 ፓታኬት፣ ሮድ አይላንድ የነበሩት ሰዎች ናቸው። ፓታኬትና ሮቸስተር የተባሉት ሁለት የማይነር ሊግ ቡድኖች ኤፕሪል 18 ማታ ጀመሩ። ማን ይሸነፍ? ዘጠኙ ኢኒንግ አልቆም አቻ ስለነበሩ ቀጠሉ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ላይ፣ 32 ኢኒንግ ተጫውተው ጨዋታው በይደር ተቋረጠ። ሌሊቱ የፈረንጆቹ ፋሲካ ሌሊት ነበር፣ ብርዱም ከባድ ነበር። መቀመጫው ላይ የቀሩት 19 ሰዎች ናቸው። ጁን 23 ሲቀጥል አንድ ኢኒንግ ብቻ በቃው፤ ፓታኬት 3 ለ 2 አሸነፈ። ከተጫወቱት መካከል በኋላ የባልቲሞር ኩራት የሆነው ካል ሪፕከን ጁኒየርና ዌድ ቦግስ ነበሩ። ሁለቱም የቤዝቦል የዝና አዳራሽ ገብተዋል። እነዚያ 19 ሰዎች ግን ገና ስማቸው ሳይወጣ በዚያ ብርድ አይተዋቸዋል።

እሑድ ከሆነ ደግሞ በብዙ ስታዲየሞች ጨዋታው ሲያልቅ ሕፃናት ሜዳ ይገባሉ። ተሰልፈው ቤዞቹን፣ ማለትም የሜዳውን ማዕዘኖች፣ እየዞሩ ይሮጣሉ። ባለፈው ሰመር የእህቴ ልጅ ጫማው ተፈትቶ፣ አንድ እግሩ ካልሲ ብቻ ሆኖ፣ ሦስተኛውን ቤዝ ዞሮ ወደ እኔ ሲሮጥ ፊቱ በአፈር ቀልቶ ነበር። ጫማውን የመለሰለት በዚያን ቀን አንድም ኳስ ያልመታ ተጫዋች ነው።