በፀደይ ወራት ሞተር ሳይክል ሲነዱ እንዴት ንቁ ሆኖ መቆየት ይቻላል

ብርዱ አልፎ ፀደይ ሲገባ ቆሞ የከረመውን ሞተር ማስነሳት ያጓጓል። ፀሐይ ወጣ ማለት ግን አስፋልቱ ሞቀ ማለት አይደለም፤ የነጂውም ዓይንና እጅ ወራት ሙሉ ከልምድ ርቀው ከርመዋል።

1. ጎማውን ሳይሞቅ ይለኩ። ቆሞ የከረመ ጎማ አየሩ ይቀንሳል። ፍሬንና ፍሬቻም እዚያው ይሞከሩ።

2. የአበባ ብናኝ የሚያስነጥስዎ ከሆነ ስለሚውጡት ክኒን ይጠይቁ። አንዳንድ የአለርጂ መድኃኒቶች፣ በተለይ እንደ ዳይፈንሃይድራሚን ያሉት የቆዩት፣ እንቅልፍ ያመጣሉ። እንቅልፍ የማያስይዝ አማራጭ ስላለ ፋርማሲስቱን ያማክሩ። ማስነጠሱም ቀላል አይደለም፦ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ሲነዱ በአንድ ሴኮንድ 25 ሜትር ይሄዳሉ፤ ያን ያህል መንገድ ዓይን ተጨፍኖ ሊታለፍ ነው። ማስነጠሱ ሲመጣ ከተሰማዎት ነዳጁን ቀነስ ያድርጉ፣ ከፊትዎ ካለው መኪና ይራቁ።

3. ደረብ አድርገው ይልበሱ። አየሩ 10 ዲግሪ ሆኖ በዚሁ ፍጥነት ሲነዱ ንፋሱ ያገኘው ገላ የሚሰማው ወደ 4 ዲግሪ የተጠጋ ቅዝቃዜ ነው። የደነዘዘ ጣት ፍሬን ላይ ይዘገያል፤ ብርድ የያዘው ሰው ደግሞ ሳይታወቀው ሐሳቡ ይበተናል። ለእኔ ከሁሉም ልብስ የሚቀድመው ጥሩ ጓንት ነው።

4. መንገዱን አርቀው ያንብቡ። በረዶ በሚጥልበት አገር ለመንሸራተት መከላከያ የተበተነው አሸዋና ጠጠር እስኪጠረግ ድረስ ይቆያል። መኪኖች በጎማቸው እየገፉ ወደ መንገዱ ዳርና መሃል ስለሚከምሩት፣ የመኪና ጎማ የሚያልፍበትን ንጹሕ መስመር ይዘው ይሂዱ። ኩርባ ላይ ፍጥነት የሚቀነሰው ከመግባትዎ በፊት ነው፤ ተጋድመው ሳለ ጠጠር ላይ ፍሬን መያዝ ይጥላል። ዛፍ ጥላ ያጠላበት ቦታ ጠዋት ላይ እርጥብ ሊሆን ይችላል። ውሃ በስንጥቅ ገብቶ ሲቀዘቅዝና ሲቀልጥ የፈጠረው ጉድጓድም አለ።

መስቀለኛ መንገድ ላይ የመኪና ሾፌሩ ወራት ሙሉ ሞተር ስላላየ ዓይኑ መኪና ብቻ ይፈልጋል። ፊቱን አይመኑ፣ አይቶዎት የሚታጠፍ ብዙ ነው። የፊት ጎማውን ይዩ፤ መዞር ከጀመረ ሊገባብዎ ነው። ጣትዎ ፍሬኑ ላይ ይሁን።

5. ድካም በማዛጋት ብቻ አይታወቅም። ታጥፈው ካለፉ በኋላ ፍሬቻው አሁንም እያበራ ካገኙት፣ ወይም ያለፉትን የመንገድ ምልክት ማስታወስ ካቃተዎ፣ ደህና ቦታ ፈልገው ይቁሙ፤ ወርደው ጥቂት ይራመዱ፣ ውሃ ይጠጡ።