የሂት ፓምፕ ቴርሞስታት በቤትዎ እንዴት እንደሚገጠምና እንደሚስተካከል

በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድ፣ በጆርጂያና በሌሎች የአሜሪካ ግዛቶች ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባቸው ታውንሃውሶችና ኮንዶሚኒየሞች በብርዱም በሙቀቱም ወራት የሚተማመኑት ቤቱን በሚያሞቅና በሚያቀዘቅዝ አንድ ማሽን፣ በሂት ፓምፕ ነው። ግድግዳ ላይ ያለውን የማሽኑን መቆጣጠሪያ፣ ቴርሞስታቱን፣ መቀየር ረጋ ብሎ ለሚሠራ ሰው ከሁለት ሰዓት አይበልጥም። የጋዝ ማሞቂያ ቴርሞስታት ቀይረው የሚያውቁ ሰዎች ግን እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። ሽቦዎቹ ይበዛሉ፤ አንዱ ቦታውን ቢስት በጥር ብርድ ቀዝቃዛ አየር ይነፋል። ሽቦው በትክክል ገብቶ ቅንብሩ ቢሳሳት ደግሞ የባሰ ነው፤ ቤቱ ይሞቃል፣ ማንም ምንም አይጠረጥርም፣ ስህተቱ የሚታወቀው የመብራት ቢል ሲመጣ ነው።

ከመጀመርዎ በፊት ይህን ይለዩ

የድሮውን ቴርሞስታት ክዳን ይክፈቱና ሽቦዎቹን ይመልከቱ። ሂት ፓምፕ የሚሠራው በ24 ቮልት መቆጣጠሪያ ኤሌክትሪክ ስለሆነ ሽቦዎቹ ቀጫጭን፣ ባለ ብዙ ቀለምና ብዙውን ጊዜ ከአምስት እስከ ስምንት ናቸው። ሁለት ወይም አራት ወፋፍራም ሽቦዎች በፕላስቲክ ቆብ ተጠምጥመው ካዩ፣ ወይም 120 ወይም 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ ካለ፣ እዚያው ያቁሙ። ያ ግድግዳ ስር ለሚገጠም የኤሌክትሪክ ማሞቂያ የተሠራ ነው። የ24 ቮልት ቴርሞስታት እዚያ ላይ ቢገናኝ ይቃጠላል፣ እርስዎንም ሊጎዳ ይችላል።

ክፍሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅለው በሪሞት የሚታዘዙት ሚኒ ስፕሊቶችም እዚህ ከተገለጸው ሥራ ውጪ ናቸው። ከአምራቹ የራሱ ቴርሞስታት ጋር ብቻ የሚነጋገሩ ዘመናዊ ማሽኖችም አሉ፤ በእነዚህ ላይ ገበያ የተገኘውን ቴርሞስታት መግጠም አይቻልም። ቤቱ የኪራይ ከሆነ ደግሞ የባለቤቱን ፈቃድ በጽሑፍ ይያዙ።

ሲገዙ ማሸጊያው ላይ ለሂት ፓምፕ እንደሚሆን መጻፉን፣ ስንት ደረጃ ኮምፕረሰር (የውጪው ማሽን ሞተር) እንደሚቆጣጠርና መጠባበቂያ ማሞቂያ፣ ማለትም ሂት ፓምፑ ብቻውን ሲያቅተው የሚያግዘውን፣ ማዘዝ መቻሉን ያንብቡ። መሣሪያ ብዙ አይፈልግም፤ አንድ ጠፍጣፋና አንድ ባለ መስቀል ትንንሽ ካቻቪቴ፣ ሽቦ መላጫ፣ ጫፉ ቀጭን ፒንሳ፣ ውሃ ልክ፣ ትራፓኖና ፊሸር፣ ናስትሮ፣ እንዲሁም ኤሲ ቮልት የሚለካ መልቲሜትር። መልቲሜትሩን ግን አይዝለሉት። ኃይሉ መጥፋቱን በእርግጠኝነት የሚነግርዎት እሱ ብቻ ነው።

ኃይሉን ማጥፋት

መጀመሪያ ቴርሞስታቱን ራሱን ያጥፉና የውጪው ማሽን እስኪቆም ይጠብቁ። ከዚያ ወደ ብሬከር ሳጥኑ ይሂዱ። ሂት ፓምፕ አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ ሁለት ብሬከር አለው፤ አንዱ የውጪው ማሽን፣ ሌላው ቤዝመንት፣ ቁም ሳጥን ወይም ጣሪያ ስር ያለው፣ አየሩን ወደ ክፍሎቹ የሚነፋው ኤር ሃንድለር ነው። መጠባበቂያ ማሞቂያው ትልቅ ከሆነ ለኤር ሃንድለሩ ብቻ ሁለት ብሬከር ሊኖር ይችላል። ሁሉንም ያጥፉ። 24 ቮልቱን የሚያመነጨው ትራንስፎርመር ያለው ኤር ሃንድለሩ ውስጥ ስለሆነ የውጪውን ብቻ ማጥፋት ምንም አያደርግም።

የቴርሞስታቱ ስክሪን ጠፋ ማለት ግን ኃይል የለም ማለት አይደለም፤ ስክሪኑ በርቷል ማለትም ኃይል አለ ማለት አይደለም፣ በባትሪ ሊሆን ይችላል። በመልቲሜትር «አር» እና «ሲ» በሚባሉት መግቢያዎች መካከል ይለኩ። ብሬከሩ ሲበራ ከ24 እስከ 28 ቮልት፣ ሲጠፋ ዜሮ መሆን አለበት። 24 ቮልት ሰው አይገድልም፤ ነገር ግን የ«አር» ሽቦ ከ«ሲ» ጋር አንድ ጊዜ ቢነካካ ፊውዝ ይበጠሳል፣ ፊውዝ ከሌለው ትራንስፎርመሩ ራሱ ይቃጠላል።

ሽቦዎቹን ማንበብ

አንድም ሽቦ ሳይነቅሉ ጥርት ያለ ፎቶ ያንሱ፤ አንዱን ከፊት፣ አንዱን ከጎን። ከዚያ በእያንዳንዱ ሽቦ ላይ የገባበትን ፊደል የጻፉበት ፕላስተር ይለጥፉ። የሚጻፈው ፊደሉ ነው፣ ቀለሙን ይርሱት። ብርቱካናማ ለአቅጣጫ መለወጫው ቫልቭ፣ ቢጫ ለኮምፕረሰር የሚባለው ልማድ ብቻ ነው፤ ሽቦውን የዘረጋው ሰው የተረፈውን ቀለም ተጠቅሞ ሊሆን ይችላል።

ፊደሎቹ የሚሠሩት ይህን ነው። «አር» የ24 ቮልቱ መምጫ፣ «ሲ» መመለሻው ነው። «ዋይ» ኮምፕረሰሩን ያስነሳል፣ «ዋይ 2» ካለ ሁለተኛውን ደረጃ። «ጂ» የውስጡን ማራገቢያ ያዝዛል። «ኦክስ» ወይም «ደብልዩ 2» መጠባበቂያውን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ያበራል፤ «ኢ» ኮምፕረሰሩ ሲበላሽ ብቻ የሚሠራው የአደጋ ጊዜ ማሞቂያ ነው። በብዙ ቤት ለሁለቱ አንድ ሽቦ ብቻ ይመጣል፤ የድሮው ቴርሞስታት በአጭር ሽቦ አገናኝቷቸው ሊሆን ይችላል። አዲሱ ቴርሞስታት ይህን በቅንብር የሚፈታ ከሆነ አጭሩን ሽቦ አያዛውሩት።

የሂት ፓምፕ ልዩ ምልክት «ኦ» እና «ቢ» ናቸው። ማሽኑ በብርድ ሙቀትን ከውጭ ወደ ቤት፣ በሙቀት ደግሞ ከቤት ወደ ውጭ ያስተላልፋል፤ አቅጣጫውን የሚለውጠው ቫልቭ በዚህ ሽቦ ይታዘዛል። አብዛኛው ማሽን የ«ኦ» ነው፤ ቫልቩ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ሲያቀዘቅዝ ነው። እንደ ሪምና ሩድ ያሉት በ«ቢ» ይሠራሉ፤ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ሲያሞቅ ነው። በአዳዲስ ቴርሞስታቶች ሁለቱም «ኦ/ቢ» በሚል አንድ መግቢያ ይገባሉ፣ የትኛው እንደሆነ በቅንብር ይመረጣል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በአንዳንድ የቆዩ የትሬን ሥርዓቶች «ቢ» የሚለው ፊደል ቫልቭ ሳይሆን መመለሻውን፣ ማለትም «ሲ»ን ያመለክታል። ያንን ሽቦ በ«ኦ/ቢ» ካስገቡት ትራንስፎርመሩ ሾርት ያደርጋል። የድሮው ቴርሞስታት ላይ «ኦ» እና «ቢ» ሁለቱም ሽቦ ካላቸው አይገምቱ። ብሬከሩን እንዳጠፉ የኤር ሃንድለሩን ክዳን ከፍተው የ«ቢ» ሽቦ ውስጥ ባለው የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ ላይ የት እንደገባ ይመልከቱ። ማንኛውም ጥርጣሬ የሚፈታው እዚያ ሰሌዳ ላይ ነው።

የ«ሲ» ሽቦ ጉዳይ

ዋይፋይ ያለው ቴርሞስታት ያለማቋረጥ ኃይል ስለሚፈልግ «ሲ» ያስፈልገዋል። የድሮው በባትሪ ይሠራ ከነበረ ሽቦው ላይገናኝ ይችላል። ከግድግዳው የሚወጣውን ኬብል ቀስ ብለው ትንሽ ይሳቡ፤ ብዙ ጊዜ ያልተጠቀሙበት ሽቦ ከኋላ ተጠምጥሞ ይገኛል። ካለ አንዱን ጫፍ በቴርሞስታቱ «ሲ»፣ ሌላውን በኤር ሃንድለሩ ሰሌዳ «ሲ» ላይ ያስገቡ። ከሌለ ለ24 ቮልት ኤሲ የተሠራ፣ ሶኬት ላይ የሚሰካ አዳፕተር ይሸጣል፤ አሠራሩ ከቴርሞስታቱ መመሪያ ጋር መስማማቱን ያረጋግጡ። «ሲ» የሌለው የዋይፋይ ቴርሞስታት ለሳምንታት የሚሠራ መስሎ ይቆይና ብርዱ ሲበረታ፣ በጣም በሚፈለግበት ሌሊት፣ ይጠፋል።

መግጠም

የድሮውን ሲነቅሉ ኬብሉ ወደ ግድግዳው ውስጥ እንዳይገባ እርሳስ ላይ ይጠምጥሙት። ውስጡ ብርማ ፈሳሽ ያለው የብርጭቆ ቱቦ ካለ ሜርኩሪ ነው፤ ከቆሻሻ ጋር አይጣልም፣ አደገኛ ቆሻሻ ለሚቀበለው የካውንቲው ጣቢያ ይሰጣል።

ግድግዳው ላይ የሚያርፈውን የአዲሱን ቴርሞስታት መቀመጫ በውሃ ልክ አስተካክለው በብሎን ያሥሩ። ሽቦ የወጣበትን ቀዳዳ በማጣበቂያ ሊጥ ወይም በጥጥ ይድፈኑት። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ከግድግዳው ውስጥ የሚመጣው አየር በቀጥታ የሙቀት መለኪያው ላይ ስለሚያርፍ ቴርሞስታቱ ከክፍሉ ሦስትና አራት ዲግሪ የራቀ ቁጥር እንዲያሳይ ያደርገዋል። ቦታውን የመምረጥ ዕድል ካለዎት ከወለሉ 150 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ያድርጉት፤ ከፀሐይ፣ ከምድጃና ከአየር መውጫ ያርቁት።

የእያንዳንዱን ሽቦ ጫፍ ወደ 1 ሳንቲሜትር ይላጡ፣ ቀጥ ያድርጉት፣ በለጠፉት ፊደል መሠረት ያስገቡት፣ ከዚያም ሳብ አድርገው ይሞክሩት። ከመግቢያው ውጪ የሚታይ እርቃን መዳብ መኖር የለበትም። «አር» በሁለት ተከፍሎ «አር ሲ» እና «አር ኤች» የሚል ከሆነና ከግድግዳው የመጣው አንድ «አር» ብቻ ከሆነ መመሪያው በሚያዘው ገብቶ ሁለቱ መገናኘት አለባቸው፤ ብዙ አዳዲሶች ራሳቸው ያገናኙታል። ያልተጠቀሙባቸውን ሽቦዎች ጫፍ በናስትሮ ለየብቻ ጠቅልለው ወደ ውስጥ ይመልሱ። የኤር ሃንድለሩን ክዳን ከፍተው ከነበረ ጥብቅ አድርገው ይዝጉት፤ ብዙዎቹ ክዳኑ ሲላላ ኃይል የሚያቋርጥ ማብሪያ አላቸው። ከዚያ ብሬከሮቹን ያብሩ።

ገንዘብ የሚያተርፈው ወይም የሚያባክነው ቅንብር

ቴርሞስታቱ የመጀመሪያ ጥያቄው የሥርዓቱ ዓይነት ነው። «ሂት ፓምፕ» የሚለውን ይምረጡ። መደበኛ ማሞቂያ ካሉት ለማሞቅ ኮምፕረሰሩን በትክክል አይጠራም። ቀጥሎ የኮምፕረሰሩን ደረጃ፣ ከዚያ «ኦ» ወይም «ቢ» ይመርጣሉ፤ እርግጠኛ ካልሆኑ በ«ኦ» ይጀምሩ፣ ሙከራው ያሳየናል።

መጠባበቂያው ኤሌክትሪክ ነው ወይስ ጋዝ የሚለው ጥያቄ በጥንቃቄ ይመለስ። ጋዝ ከሆነ ሂት ፓምፑና የጋዝ ማሞቂያው እኩል መሥራት የለባቸውም፤ ከተወሰነ የውጪ ቅዝቃዜ በታች ሥራው ሙሉ በሙሉ ለጋዙ ይተላለፋል። እንዲህ ያለ ቤት የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ሊኖረው ይገባል።

መጠባበቂያው ኤሌክትሪክ ከሆነ የሚያሳስበው ወጪው ነው። 10 ኪሎዋት ማሞቂያ በአንድ ሰዓት 10 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ሂት ፓምፑ ብርዱ ለዘብ ባለበት ቀን ያንኑ ሙቀት በሲሶው ኃይል ገደማ ያመጣል። ስለዚህ ቴርሞስታቱ የውጪውን ሙቀት በዋይፋይ ወይም በመለኪያ የሚያውቅ ከሆነ መጠባበቂያው ከ35 እስከ 40 ዲግሪ ፋረንሃይት በላይ እንዳይበራ ይቆልፉት። ቤቱ በዚያ ቅዝቃዜ መሞቅ ካቃተው ቁጥሩን ጥቂት ከፍ ያድርጉ።

ሌሊት ሙቀቱን አውርዶ ጠዋት ከፍ ማድረግ የተለመደ ቁጠባ ነው፤ ለሂት ፓምፕ ግን ብዙ ጊዜ ኪሳራ ነው። ሌሊት 60፣ ጠዋት 70 ብለው ቢያዝዙ ቴርሞስታቱ ክፍተቱን አይቶ መጠባበቂያውን ይጠራል፣ ሌሊት የተቆጠበው ጠዋት ይበላል። 68 አካባቢ ላይ አጽንተው መተው፣ ቢያወርዱም ከ2 ወይም ከ3 ዲግሪ አለማለፍ ይሻላል። ቤተሰቡም ይህን ይወቅ፤ ቶሎ እንዲሞቅ ብሎ ቁጥሩን 80 የሚያደርስ ሰው የሚያስነሳው መጠባበቂያውን ነው።

መሞከር

ከጠፋ በኋላ ኮምፕረሰሩ ለመነሳት 5 ደቂቃ ያህል ይዘገያል፤ ለደኅንነቱ የተሠራ ነው፣ በመሃል ደጋግመው አይነካኩት። ለማሞቅ ያዝዙና ከክፍሉ 2 ዲግሪ ከፍ ያድርጉ። የውጪው ማሽን ሲነሳ ከአየር መውጫው የሚመጣውን በእጅዎ ይመልከቱ። ሂት ፓምፕ እንደ ጋዝ የሚያቃጥል አየር አይሰጥም፤ ለብ ያለ ከሆነ ትክክል ነው። ከ10 ደቂቃ በኋላም ቀዝቃዛ ከሆነ የ«ኦ/ቢ» ምርጫውን ይገልብጡት።

የማቀዝቀዣውን ሙከራ ውጪው ከ60 ፋረንሃይት በታች ሲሆን አያድርጉ፤ ኮምፕረሰሩን ይጎዳል። በመጨረሻ ኢመርጀንሲ ሂት (የአደጋ ጊዜ ማሞቂያ) ላይ ያድርጉት፤ የውጪው ማሽን መቆም፣ ከውስጥ ግን ሞቃት አየር መምጣት አለበት። መጀመሪያ ለጥቂት ደቂቃ የአቧራ ሽታ ቢኖር ያልፋል፤ ጭስ ከታየ ወይም ሽታው ካልቆመ ብሬከሩን ያጥፉ። ሲጨርሱ ወደ መደበኛው ሂት መመለስዎን አይርሱ። ወሩን ሙሉ እዚያው ተረስቶ የሚቀር ቴርሞስታት ብዙ ነው።

የማይሠራ ከሆነ

ስክሪኑ ጨለማ ከሆነ በኤር ሃንድለሩ ሰሌዳ ላይ ያለውን የመኪና ዓይነት ትንሽ ፊውዝ ይመልከቱ፤ ሐምራዊው 3 አምፔር፣ ፈዛዛ ቡናማው 5 አምፔር ነው። በዚያው መጠን ይተኩት፣ በበለጠ በፍጹም። ዳግም ከተበጠሰ አንድ ቦታ «አር» ከ«ሲ» ጋር ተነካክቷል። ፊውዙ ደህና ከሆነ ከኤር ሃንድለሩ ስር ያለውን የውሃ መቀበያ ይመልከቱ፤ ፍሳሹ ሲደፈን ተንሳፋፊው ማብሪያ ኃይሉን ያቋርጣል፣ ጥፋቱም በቴርሞስታቱ ይመካኛል።

በብርድ ቀን የውጪው ማሽን ማራገቢያው ቆሞ እንፋሎት ቢያወጣ በረዶውን እያቀለጠ ነው፤ በጥቂት ደቂቃ ያበቃል። ብሬከር ደጋግሞ የሚወድቅ ከሆነ፣ ሽቦ የቀለጠ ወይም የጠቆረ ካገኙ፣ ወይም የውጪው ማሽን እያጉረመረመ የማይነሳ ከሆነ ጥፋቱ ከቴርሞስታት ያለፈ ነው፤ ብሬከሩን አጥፍተው ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይጥሩ፣ ያነሷቸውንም ፎቶዎች ያሳዩት።