አልለቅ ያለኝ ጭርት በምን ለቀቀኝ?

ህንድ፣ ፑኔ ስማር አንገቴ ላይ ክብ ሽፍታ ወጣብኝ። አምስት ወር ሙሉ አሳከከኝ። ያለ ሐኪም ትዕዛዝ የገዛሁት ክሬም ለሳምንት ያስታግሰዋል፤ ሳቆመው ብሶ ይመለሳል። ለካ ስቴሮይድ የሚባል የብግነት ማስታገሻ አለበት! ስቴሮይድ መቅላቱን ይደብቃል እንጂ ጭርት የሚያመጣውን ፈንገስ አይገድልም፤ እንዲያውም ያስፋፋዋል።

አከራዬ «ቤታ» (ልጄ) እያሉ የኒም ዛፍ ቅጠል ቀቀሉልኝ። ውሃው አረንጓዴ ነው፣ ሽታው መረር ያለ። ቀዝቀዝ ሲል አንገቴን ታጠብኩበት። ማሳከኩ በረደልኝ፤ ክቡ ግን ንቅንቅ አላለም። ያዳነኝ የቆዳ ሐኪም ያዘዘልኝ የፈንገስ ቅባት ነው። ቆዳዬ ከጠራ በኋላም ሁለት ሳምንት ቀጠልኩበት። ፎጣዬንና የትራስ ልብሴን በፈላ ውሃ አጠብኩ።

የሚዋጡትን የአዩርቬዳ (የህንድ ባህላዊ ሕክምና) ክኒኖች ግን አልነካሁም። አንዳንዶቹ ውስጥ እርሳስና ሜርኩሪ ተገኝቷል።