“መድኃኒቱ የለም” ሲባል፦ ወጣት ሀሳቡን ስብሰባ ላይ እንዴት ያቅርብ?

ወጣት ሀሳብ አያጣም። ቡና ላይ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ቴሌግራም ላይ እናወራለን። ስለ ፖለቲካው፣ ስለ ሥራ አጥነቱ፣ ስለ ኑሮ ውድነቱ። የምናወራው ግን አብዛኛውን ጊዜ እርስ በርሳችን ነው። መልስ መስጠት ያለበት ሰው አይሰማንም።

እኔ ሥራዬ ደብረ ብርሃን ነው፤ ቤተሰቦቼ መንዝ ናቸው። ሰፈራችን ውስጥ ካሉ ልጆች ጋር ሆነን የጤና መድን ጉዳይ ቀበሌ ስብሰባ ላይ አንስተናል። ከዚያ ያየሁትን ልንገራችሁ። የእናንተ ጥያቄ ውሃ ወይም መንገድ ቢሆንም አካሄዱ ያው ነው።

መጀመሪያ ጉዳዩን አጥብቡት

“ጤና ላይ ብዙ ችግር አለ” ብሎ የሚነሳ ሰው “እናመሰግናለን፣ በሂደት ይፈታል” ተብሎ ይቀመጣል። አንድ ነገር ብቻ ያዙ።

የእኛ ይህ ነበር። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀመረ፤ ከዚያ እየሰፋ እኛም ዘንድ ደረሰ። ቤተሰቡ በዓመት አንዴ መዋጮ ይከፍላል። መክፈል ለማይችለው ድሃ መንግሥት ይሸፍንለታል። አባል የሆነ ሰው ጤና ጣቢያ ሲሄድ ለካርድ፣ ለምርመራ፣ ለመድኃኒት ከኪሱ አያወጣም። እኔ ይህን አሠራር ከልቤ እደግፈዋለሁ። ሰው በታመመ ቁጥር በግ ሲሸጥ፣ ሲብስበት ደግሞ የእርሻ በሬውን ሲሸጥ አይቼ ነው ያደግሁት።

እማዬ ደም ግፊት አለባት። መዋጮው ተከፍሏል፣ የመድን ደብተሩ ታድሷል። ጤና ጣቢያ ሄዳ ትለካለች፣ መድኃኒት ይታዘዝላታል፤ መስኮቱ ጋ ስትደርስ “እናቴ፣ ይሄ የለም፣ ከውጭ ግዢ” ትባላለች። የደም ግፊት መድኃኒት ደግሞ በየቀኑ የሚዋጥ ነው። ገንዘብ ሲያጥራት አንድ ሳምንት ትዘላለች፤ “ደህና ነኝ፣ ራሴን አላመመኝም” ትላለች። ደም ግፊት ሳያሳምም ነው ጭንቅላት ውስጥ ደም የሚያፈሰው፤ ኩላሊትና ልብ የሚጎዳው። መድን የከፈለች ሴት ይህ ሊደርስባት አይገባም።

“የሽማግሌዎች ጉዳይ ነው” የሚል ወጣት ካለ የቤተሰቡን የመድን ደብተር አውጥቶ ይይ። ከ18 ዓመት በላይ የሆነ ልጅ ቤተሰቡ ውስጥ ሲካተት ተጨማሪ መዋጮ ይከፈልበታል። ስለ እኛም እየተከፈለ ነው።

ማስረጃ ያዙ

እኛ የተጠቀምነው ተራ የተማሪ ደብተር ነው። አንድ ገጽ ላይ አራት መስመር አሰመርን፦ ቀን፣ የመድኃኒቱ ስም፣ ተገኘ ወይስ የለም፣ ከውጭ ስንት ተገዛ። የሰው ስም አልጻፍንም። የሰው በሽታ የራሱ ምስጢር ነው፤ እናቴም ብትሆን ስሟን ስብሰባ ላይ የማነሳው አስፈቅጄ ነው። ከጤና ጣቢያ የሚመለሰውን ሰው ማዘዣውን እንዲያሳየን ጠየቅን። ብዙዎቹ ወረቀቱን ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጥረው ነው የሚይዙት፤ ስለሚታጠፍ ጽሑፉ ይደበዝዛል። በዚያው ቀን በስልክ ፎቶ ማንሳት ይሻላል።

“መድኃኒት የለም” ስትሉ “አለ” የሚል መልስ ይመጣል። “የደም ግፊቱ መድኃኒት፣ አምሎዲፒን 5 ሚሊግራም፣ ከኅዳር ጀምሮ የለም፤ ማዘዣዎቹ እነዚህ ናቸው” ስትሉ ግን የሚሰማው ሰው ወረቀቱን ተቀብሎ ያያል።

መስኮቱ ጀርባ ያለውንም ሰው ስሙ

ይህን ደረጃ አትዝለሉ። ብዙ ወጣት የሚስተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ከስብሰባው በፊት የመድኃኒት ክፍል ባለሙያዋን አነጋገርናት። እሷ ከነገረችን በኋላ ነው ነገሩ የገባን። ጤና ጣቢያው በዋናነት መድኃኒት የሚያገኘው ከኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ነው። የጠየቁት ሁሉ ሞልቶ አይመጣም። መንገድ ሲዘጋ የሚመጣውም ይዘገያል፤ የሰሜን ሸዋ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም። በዚያ ላይ ጤና ጣቢያው ሕክምና ለሰጣቸው አባላት ከመድኑ የሚከፈለው ገንዘብ ሲቆይበት የሚገዛበት ያጣል። ግን ጤና ጣቢያ ከአገልግሎቱ የሚሰበስበው የውስጥ ገቢ አለው፤ በምን ላይ ይዋል የሚለውን የሚወስነው የጤና ጣቢያው አስተዳደር ቦርድ ነው። ስለዚህ ጥያቄያችን መሄድ ያለበት መስኮቱ ጋ ሳይሆን ቦርዱ ጋ ነው ማለት ነው።

በ2017 ዓ.ም. ግንቦት የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የሥራ ሁኔታ ጥያቄ አንስተው ሥራ እስከ ማቆም ደርሰው ነበር። እኔ ጥያቄያቸው ተገቢ ነው ባይ ነኝ። ሌሊት አዋላጅ የምትሆን ልጅ የቤት ኪራይ መክፈል ካቃታት ችግሩ የሁላችንም ነው። ስብሰባ ላይ ነርሷን እየጠቆማችሁ አትናገሩ። ነገ የምታክማችሁም እሷ ናት።

ስብሰባው ላይ

እኛ አካባቢ ስብሰባ የሚጠራው በበዓል ቀን፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ነው። ሽማግሌዎች ከፊት፣ እናቶች ከኋላ፣ ወጣቶች ቆመው። ገና “ዕድል ይሰጠኝ” ስል አንድ አባት ጋቢያቸውን ሰብስበው “አንቺ የማን ልጅ ነሽ?” አሉኝ። በዚህ የሚናደድ ወጣት አውቃለሁ። እኔ አልናደድም። ለቃልሽ ማን ይጠየቃል ማለታቸው ነው። የአባቴን፣ የአያቴን ስም ተናገርኩ፤ “በይ ቀጥይ ልጄ” አሉኝ።

በቅድሚያ አንድ የሚከበሩ ሽማግሌ ቤት ሂዱ። ደብተሩን አሳይዋቸው። እኛ የሄድንባቸው አባት ራሳቸው የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ ስብሰባው ላይ ከእኔ ቀጥለው ተነሱ። ወጣት ብቻውን ሲናገር “ስሜታዊ ነው” ይባላል። ሽማግሌ “ልጆቹ እውነት አላቸው” ሲል ቤቱ ጸጥ ይላል። እናቶችንም አስቀድማችሁ ጠይቁ። መድኃኒት ፍለጋ የሚመላለሱት እነሱ ናቸው፤ ስብሰባ ላይ ግን ካልተጠየቁ አይናገሩም። “እትዬ፣ እስቲ ያለፈው ቅዳሜ የሆነውን ይንገሩልን” በሏቸው።

ንግግራችሁ አጭር ይሁን። ሰላምታ፣ ጉዳዩ፣ ማስረጃው፣ ጥያቄው። ጥያቄው ደግሞ ሊደረግ የሚችል ይሁን። የእኛ ሁለት ነበር፦ ቦርዱ የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት ሲያልቅ ከውስጥ ገቢ እንዲገዛ፤ ያለውና የሌለው መድኃኒት ዝርዝር በር ላይ እንዲለጠፍ። ሁለተኛው ምንም ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሰው ሦስት ሰዓት በእግሩ ሄዶ ባዶ እጁን እንዳይመለስ ያደርጋል። “መልሱን መቼ እንጠብቅ?” ብላችሁ ቀን አስቆርጡ። ከመነሳታችሁ በፊት ያላችሁት ቃለ ጉባኤው ላይ መግባቱን አረጋግጡ፤ ጸሐፊው እንዲያነብላችሁ በትሕትና ጠይቁ።

ፖለቲካ ሲገባበት

ይገባበታል። በዚህ ዘመን “መድኃኒት የለም” የሚለውን ሰው “ከማን ጋር ነው?” የሚል አይጠፋም። እኔ የራሴ የፖለቲካ አቋም አለኝ፤ ግን ለእናቴ ክኒን ስጠይቅ ሌላ አልቀላቅልበትም። የሁለቱም ወገን እናት ደም ግፊት አለባት። የሚያነሳሳችሁ ሰው ካለ ወደ ደብተሩ ተመለሱ፦ “እኔ ባለጉዳይ ነኝ፤ ጥያቄዬ ይህ ነው”። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ሀሳብን የመግለጽ፣ አንቀጽ 30 ደግሞ አቤቱታ የማቅረብ መብት ሰጥቷል። ይህን ማወቅ ደረትን ያቀናል፤ ለጠብ ግን አትጥቀሱት። አካባቢያችሁ ውጥረት ካለበት ደግሞ ጊዜ ምረጡ። ሰው የሚሰበሰብበት ቀን ሁሉ ለመናገር አይመችም፤ ቆይቶ መናገር ፍርሃት አይደለም።

ፌስቡክና ቲክቶክን ለመጨረሻ አቆዩት። ስብሰባ በስውር አትቅረጹ፤ የታካሚ ፊት አትለጥፉ። ያላረጋገጣችሁትን አትጻፉ፤ የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክለው አዋጅ 1185/2012 አለ፣ ከዚያም በላይ የሰው ስም አለ።

ከስብሰባው በኋላ

በአፍ የተባለው በጽሑፍ ይደገም። አንድ ገጽ ማመልከቻ ጻፉ፤ ለጤና ጣቢያው ቦርድ፣ ግልባጭ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት። ሁለት ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ። አንዱን መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጉ፤ በእጃችሁ የሚቀረው ላይ ቁጥርና ቀን አስጽፉበት። ያ ቁጥር ከሌለ “አልደረሰንም” ይባላል። ሕዝቡ ጤና ጣቢያውን እየገመገመ ነጥብ የሚሰጥበት መድረክም አለ፤ ከሚገመገሙት አንዱ የመድኃኒት መኖር ነው። መቼ እንደሚካሄድ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ጠይቁ።

እኛ ያገኘነው መልስ ግማሽ ነው። ዝርዝሩ በር ላይ ተለጥፏል፤ የደም ግፊት መድኃኒት ገብቷል። የስኳሩ አሁንም ይቆራረጣል፤ ደብተሩ ላይ መጻፋችንን አላቆምንም።

መልሱ እስኪመጣ ግን በሽተኛ መድኃኒት ማቋረጥ የለበትም። የሙሉ ወር ዋጋ ከከበዳችሁ የሁለት ሳምንት ግዙ። ደረሰኙን አስቀምጡ፤ ከውጭ የተገዛውን መድኑ ይተካ እንደሆነ ወረዳችሁ ላይ ጠይቁ። የታዘዘው ከጠፋ በሌላ ይቀየር እንደሆነ ሐኪሙን አነጋግሩ፤ የጎረቤትን ክኒን ተውሶ መዋጥ አይሆንም።