ስለ አንታርክቲካው የዓሣ ነባሪዎች ባሕረ ሰላጤ ሲጻፍ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ዋነኛው ስህተት ይህን ባሕረ ሰላጤ ዐለትና አፈር የከበበው የባሕር ዳርቻ አድርጎ ማሰብ ነው። ባሕረ ሰላጤው ስፋቱ ፈረንሳይን በሚያህለውና በውኃ ላይ በሚንሳፈፈው የሮስ ግግር በረዶ ጠርዝ ላይ የተፈጠረ ስርጉድ ነበር። ከስርጉዱ በስተደቡብ የሩዝቬልት ደሴት በበረዶ ተሸፍና ትገኛለች፤ ወደ ባሕር የሚገፋው በረዶ በደሴቲቱ ግራና ቀኝ ተከፍሎ ስለሚያልፍ ከፊቷ ክፍተት ይቀራል።

በዚህ ጉዳይ ታላላቅ አሳሾችም ተሳስተዋል፤ ለእኔ የታሪኩ እጅግ ማራኪ ክፍል ይኸው ነው። ብሪታንያዊው አሳሽ ሻክልተን እ.ኤ.አ. በ1908 ዓሣ ነባሪዎች በብዛት አይቶ ስሙን ቢያወጣለትም፣ ቀደም ሲል የታወቀው የበረዶ ጠርዝ ተገንጥሎ መሄዱን ሲረዳ በዚያ ለመክረም ፈርቶ በሮስ ደሴት አጠገብ ወዳለው የማክመርዶ የባሕር ወሽመጥ አቀና። ኖርዌያዊው አሳሽ አሙንድሰን በበኩሉ የብሪታንያዊውን መርከበኛ የጄምስ ሮስን የ1840ዎቹ መዝገብ ከሻክልተን ዘገባ ጋር አመሳክሮ፣ ስርጉዱ ለ70 ዓመታት ያህል ከቦታው ካልራቀ በረዶው ከሥሩ መሬት ነክቷል ሲል ደመደመ፤ በ1911ም ፍራምሃይም የተባለውን ቤቱን እዚያው ሠራ። የብስ በቅርብ መኖሩን በትክክል ቢገምትም፣ ቤቱ የቆመበት በረዶ ግን ተንሳፋፊ ነበር።

የአሙንድሰንንና ወደ ደቡብ ዋልታ ቀድሞ ለመድረስ ከእርሱ ጋር የተፎካከረውን የብሪታንያዊውን የስኮትን ሰፈር አንድ ማድረግም የተለመደ ነው። ስኮት የከረመው በሮስ ደሴት፣ በኬፕ ኢቫንስ ሲሆን፣ አሙንድሰን ለዋልታው 110 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀርብ ነበር። አሙንድሰን ዋልታውን የረገጠበት ዲሴምበር 14 ቀን 1911 በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 4 ቀን 1904 ዓ.ም. ነው፤ ወቅቱም በዚያ በጋ እንጂ ክረምት አይደለም።

«ሊትል አሜሪካ» የሚለው ስምም የአንድ ቦታ ስም አይደለም። አሜሪካዊው አሳሽ በርድ እ.ኤ.አ. በ1929 በደቡብ ዋልታ ላይ ለመብረር የተነሣበት የመጀመሪያው ሰፈር ሲሆን፣ በኋላ አራት ሌሎች ተተክለዋል፤ ሁለተኛው በመጀመሪያው ቦታ ላይ፣ የቀሩት ሦስቱ ግን በተለያየ ሥፍራ። በ1963 ከእነዚህ የአንዱ ፍርስራሽ፣ ከተተከለበት ቦታ እጅግ ርቆ፣ በሚንሳፈፍ የበረዶ ተራራ ገደል ላይ ተጋልጦ ታይቷል።

በመጨረሻም ባሕረ ሰላጤው «ቀለጠ» ማለት ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ርዝመቱ 150 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ የበረዶ ተራራ ከግግሩ ተገንጥሎ ሲሄድ፣ ስርጉዱን የሠራው ጠርዝ አብሮት ሄደ። ስለዚህ «ይገኝ ነበር» እንጂ «ይገኛል» ተብሎ መጻፍ የለበትም። ደሴቲቱ ግን ባለችበት አለች፤ ኒውዚላንድ የመራችው ዓለም አቀፍ ቡድንም የጥንቱን የአየር ንብረት ለማጥናት ከ760 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለውን በረዶዋን እስከ ሥሩ ቆፍሯል።