ከአንድ ፓሌት አንድ አግዳሚ ወንበር

አዲስ እንጨት ሲገዛ ስዕሉ ይቀድማል፣ መቁረጡ ይከተላል። በአሮጌ እንጨት ተገላቢጦሽ ነው፤ ያላችሁን ጣውላ ለክታችሁ ስትጨርሱ ነው መሳል የምትጀምሩት። ከአንድ የአውሮፓ ፓሌት (ዕቃ ተደርድሮ ከሚጫንበት የእንጨት መደብ)፣ ሌላ ጣውላ ሳይጨመር፣ ለቡና ሰዓት የሚሆን 40 ሳ.ሜ. ከፍታ ያለው አግዳሚ ይወጣል።

ይህ ፓሌት 120 በ80 ሳ.ሜ. ነው። ሲፈታ ባለ 120 ሳ.ሜ. ጣውላ 8 ይሰጣል (4ቱ 14.5፣ 4ቱ 10 ሳ.ሜ. ስፋት)፤ በዚያ ላይ 14.5 ሳ.ሜ. ስፋት ያላቸው ባለ 80 ሦስት። ውፍረታቸው 2.2 ሳ.ሜ. ነው። ሌላ ዓይነት ፓሌት ካገኛችሁ ከታች ያሉትን ልኮች እንደገና አስሉ።

ከቆራሌው ወይም ከምናለሽ ተራ ስትመርጡ ጎኑ ላይ ያለውን ማኅተም እዩ። «ኤች ቲ» የሚሉ የላቲን ፊደላት ካሉበት እንጨቱ እስከ መሃሉ 56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ 30 ደቂቃ የቆየ ነው። «ኤም ቢ» ካለበት ሜቲል ብሮማይድ በተባለ መርዛማ ጋዝ የታጠነ ስለሆነ ተዉት። ዘይት የጠጣውንም ተዉት፣ ኮላም ቫርኒሽም አይዘውም።

እንጨቱ በብዛት የሚበላሸው ሲፈታ ነው። የፓሌት ሚስማር ግንዱ ለስላሳ አይደለም፤ ጠመዝማዛ ወይም ባለ ቀለበት ነው። በብረት ፈልቅቃችሁ ልትነቅሉት ስትሞክሩ ሚስማሩ ባለበት ይቀርና የጣውላው ጫፍ ይሰነጠቃል። ይልቅ በጣውላውና በኩቡ (የላይና የታች ጣውላዎቹን በሚያራርቀው ወፍራም ቁራጭ) መካከል ሽብልቅ አስገቡ፣ በተከፈተው ቀዳዳ የብረት መጋዝ ምላጭ አሳልፋችሁ ሚስማሩን ቁረጡት። ጣውላው ውስጥ የቀረውን ከኋላ በቀጭን ብረት መትታችሁ በጭንቅላቱ በኩል አውጡ። አንድ እንኳ ቢቀር የመላጊያውን ስለት ይጨርሰዋል።

ኩቦቹ ለእግር የሚመቹ ይመስላሉ። ብዙዎቹ ግን ከተጨመቀ ሰጋቱራና ፍቅፋቂ የተሠሩ ናቸው፤ ውሃ ሲነካቸው አብጠው ይፈረፈራሉ።

ከባለ 10ዎቹ ሦስቱን በየ38 ሳ.ሜ. ቁረጡ። 9 ቁራጭ ይወጣል፤ 8ቱ ለእግር፣ አንዱ ለመጠባበቂያ። ሁለት ሁለቱን በስኳድራ (በማዕዘን መለኪያ) እያያችሁ ማዕዘን አድርጋችሁ በኮላና በብሎን አያይዙ፣ አራት እግር ይሆናል። ከባለ 14.5ቱ ሁለቱን 107.5 ሳ.ሜ. ቆርጣችሁ በአግዳሚው ርዝመት በኩል ከእግሮቹ ውስጠኛ ፊት ጋር አጣብቁ። ከባለ 80ዎቹ ደግሞ ሦስት አጫጭር ድጋፍ ቁረጡ፤ ወደ 27 ሳ.ሜ. ይሆናሉ፣ ሆኖም ከመቁረጣችሁ በፊት በሁለቱ ረጃጅሞች መካከል ያለውን ስፋት እዚያው ለኩ። ሁለቱ ዳርና ዳር፣ አንዱ መሃል።

ጣውላ በጣውላ ላይ ሲታሰር 4 ሳ.ሜ. ብሎን ይበቃል፤ ድርቡ 4.4 ስለሆነ ጫፉ በስተጀርባ አይወጣም። ቀድማችሁ በ3 ሚ.ሜ. ትራፓኖ ብሱት። የደረቀ ጥድ ሳይበሳ ብሎን ከገባበት ጫፉ ላይ ይሰነጠቃል። ኮላው ሳይደርቅ አራቱ እግር ጠፍጣፋ ወለል ላይ መቆማቸውን እዩ፤ ከደረቀ በኋላ የሚወዛወዝ እግር መሞረድ ማለቂያ የለውም።

መቀመጫው ሁለት ባለ 14.5ና መሃላቸው አንድ ባለ 10 ጣውላ ነው። የተሰነጠቀውን ጫፍ አስወግዳችሁ 116 ሳ.ሜ. አድርጓቸው፤ በመካከላቸው ግማሽ ሳ.ሜ. ክፍተት ተዉና በ5 ሳ.ሜ. ብሎን ከታችኛው አካል ጋር እሰሩ።

የሚስማሩን ቀዳዳ ከዚያው እንጨት በወጣ ሰጋቱራና በነጭ ኮላ ድፈኑ። ዙሪያው የፈሰሰውን ኮላ በብርጭቆ ወረቀት ፈጽማችሁ አጥፉ፣ አለበለዚያ ቫርኒሹ እዚያ ነጥብ ላይ ነጣ ብሎ ይቀራል። በ80 ቁጥር ወረቀት ጀምሩ፣ በ120 ቁጥር ጨርሱ፤ ቫርኒሹን ቀጠን አድርጋችሁ ሁለት ጊዜ ቀቡ። የእግሮቹን መርገጫ ግን ሦስቴ ቀቡት፣ ሲሚንቶ ወለል በታጠበ ቁጥር እንጨቱ ውሃ የሚስበው በዚያ በኩል ነው።